ከኮፈኑ ሥር፡- ቁልፉን ሲለቁት የምታስነጥሰው ቮልስ

 

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ዘይት መቀየር፣ ስለ ፍሬንና ስለ ጎማ፣ ብርዱ ሲመጣም ባትሪ እንዴት እንደሚያዝ ነው። ዛሬ ግን ከወትሮው ጠለቅ ያለ ጉዳይ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። ሞተሪኖው ሞተሩን በደንብ እያዞረው ካንዴላው ግን እሳት አልሰጥ ያለ መኪና ገጥሟችሁ ያውቃል? ያውም ሞተሩን የሚያዘው ፋብሪካው የሠራለት ሳይሆን ባለቤቱ ገዝቶ የገጠመለት ኮምፒዩተር ሲሆን ነገሩ የባሰ ግራ ያጋባል። «እኔ እንዲህ ያለ መኪና የለኝም፤ ይህ አይመለከተኝም» የምትሉ ብትኖሩ እባካችሁ ታግሣችሁ አንብቡት። ወደ መጨረሻው ላይ የታክሲ ሾፌሮችንም፣ መኪናችሁ ላይ የሌባ ማንቂያ ያስገጠማችሁትንም፣ ልጆች ያሏችሁንም የሚነካ ነገር አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ለረዥም ዓመታት የማውቀው አንድ ወዳጅ አለኝ። በዚህ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ከሠላሳ ዓመት በላይ ታክሲ ነድቶ ቤተሰብ ያስተዳደረ፣ አሁን በጡረታ ላይ ያለ ሰው ነው። መንዳት የተማረው አዲስ አበባ ሳለ በአጎቱ ቮልስዋገን ነበር። በዚያን ዘመን ቮልስ ምን ማለት እንደ ነበረች የምታውቁ ታውቃላችሁ። ራዲያተር የላት፣ ውሃ አትጠይቅ፤ ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ መጫኛዋ ከፊት፤ ባትሪዋ ቢደክም ሁለት የሠፈር ልጆች ገፍተው ያስነሷታል።

ወዳጄ ጡረታ እንደ ወጣ ለራሱ የገዛው የመጀመሪያ ነገር የ1972 ሞዴል ቮልስ ነበር። ይህ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ያ ዓመት ለቮልስ ታላቅ ዓመት እንደ ነበረ በዚህ አጋጣሚ ልጥቀስላችሁ። በየካቲት ወር 1972 የተሠሩት ቮልሶች ብዛት ከ15 ሚሊዮን አልፎ የፎርድ ሞዴል ቲ ለብዙ ዓመታት ይዞት የቆየውን ክብረ ወሰን ሰበረ። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው ደግሞ በ2003 ነው።

የወዳጄ ልጅ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ኮሌጅ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የሚማር፣ ጨዋ ልጅ ነው። አባቱ ለሁለት ወር አገር ቤት በሄደ ጊዜ «አባቴን ደስ ላሰኘው» ብሎ የቮልሷን ካርቡራተርና ዲስትሪቢዩተር ነቀለና በምትካቸው ነዳጅ የሚረጩ ኢንጀክተሮችንና ሞተሩን የሚያዝ ኮምፒዩተር ገጠመላት። ሐሳቡ መልካም ነበር። በብርድ ጠዋት ያለ ችግር እንድትነሳ፣ ነዳጅ እንዳታባክን፣ ጭሷም እንዲቀንስ ነው። አባት ሲመለስ ያገኘው ግን እሳት የማትሰጥ መኪና ነበር።

«ደህና ስትሄድ የነበረችውን መኪና ገደልክብኝ!» አለው።

ልጁ «ላንተ ብዬ ነው» ቢልም ሰሚ አላገኘም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ ከሰላምታ ያለፈ አይነጋገሩም። ሦስት ወር ሙሉ ልጅ ማታ ማታ ጋራዥ ውስጥ ብቻውን ሲታገል፣ አባት ሳሎን ተቀምጦ የሞተሪኖውን ድምፅ ያዳምጣል። በመጨረሻ አባት መስተዋቷ ላይ «ለሽያጭ» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ገዥም ተገኘ፤ ቀጠሮው ለእሑድ ሆነ።

የደወለችልኝ እናት ናት። «እባክህ ወንድሜ፣ ቅዳሜ መጥተህ እያት። መኪናዋ ብትሸጥ ባትሸጥ ግድ የለኝም። በዚህ ሁኔታ ከተሸጠች ግን ሁለቱ መታረቃቸውን እንጃ» አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት መሣሪያዬን ጭኜ ሄድኩ።

እሳቱ ከየት ይመጣል?

ወደ ታሪኩ ከመመለሳችን በፊት አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። የቤንዚን ሞተር እንዲነሳ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ አየር፣ ነዳጅና በትክክለኛው ሰዓት የሚደርስ እሳት። እሳቱን የሚሠራው እዚህ አገር ኮይል የሚሉት ቦቢና ነው። ቦቢና በውስጡ ሁለት ጥቅል ሽቦ አለው። በመጀመሪያው ጥቅል የባትሪው 12 ቮልት ያልፋል። ይህ ኮረንቲ በድንገት ሲቋረጥ በሁለተኛው ጥቅል ላይ ብዙ ሺህ ቮልት ይፈጠርና በካንዴላው ጫፍ ላይ ዘልሎ ብልጭ ይላል። ልብ በሉ፤ እሳቱ የሚወለደው ኮረንቲው ሲገባ ሳይሆን ሲቋረጥ ነው።

በድሮዋ ቮልስ ይህን የማቋረጥ ሥራ የሚሠራው በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ የብረት መገናኛ ነበር። በአዲሱ አሠራር ሥራው የኮምፒዩተሩ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን ዓይን የለውም፤ ሞተሩ የት እንደ ደረሰ የሚነግረው ሴንሰር ያስፈልገዋል። ስለዚህ በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ በሚገኘው ፑሊ ላይ ጥርስ ያለው ክብ ብረት ይታሠራል። ልጁ የገጠመው ለ36 ጥርስ የተከፋፈለ ሲሆን አንዷ ጥርስ ሆን ተብሎ እንድትጎድል ተደርጓል። 360 ዲግሪ ለ36 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ጥርስ 10 ዲግሪ ይደርሰዋል። ሴንሰሩ ጥርሶቹን እየቆጠረ ይልካል፤ ጎደሎዋ ስታልፍ ኮምፒዩተሩ የሞተሩን ቦታ ይለያል። ከዚያ ተነሥቶ ለቦቢናው ኮረንቲ መቼ እንደሚሰጥና መቼ እንደሚያቋርጥ ያሰላል።

ቦቢናውም ቢሆን የድሮው አይደለም። ባለ አራት አፍ ሆኖ ሁለት ሁለት ካንዴላ በአንድ ጊዜ ያቀጣጥላል። የቮልስ ተራ 1-4-3-2 ስለሆነ 1ና 3 አብረው፣ 4ና 2 አብረው እሳት ያገኛሉ። ከሁለቱ አንደኛው ሲሊንደር በዚያች ሰዓት ጭሱን እያስወጣ ስለሚሆን የሱ እሳት እንዲያው ይባክናል፤ ጉዳት ግን የለውም።

እንግዲህ ሰንሰለቱ ይህ ነው፤ ሴንሰር፣ ኮምፒዩተር፣ ቦቢና፣ ካንዴላ። እያንዳንዳቸው ደግሞ ቀለብ ይፈልጋሉ። ቀለባቸው ከባትሪው የሚመጣ ኮረንቲና ደህና ማሳ ነው።

ልጁ ምን ምን ሞክሮ ነበር?

ጋራዡ ውስጥ ስገባ ልጁ ተነሥቶ በአክብሮት ሰላም አለኝና ላፕቶፑን ከፈተ። እውነቱን ለመናገር በሥራው ተገረምኩ። ሽቦዎቹ በቀለም ተለይተው በሥርዓት ታሥረዋል፤ የለካው ሁሉ በደብተር ተጽፏል። ብዙ ዓመት የሠሩ ባለሙያዎች ይህን አያደርጉም።

«ጋሼ፣ ሁሉንም ነገር ቼክ አድርጌዋለሁ» አለኝ። «ስታርተሩ ሲያዞር ኮምፒዩተሩ አርፒኤም ያያል፤ 180 አካባቢ ይላል። ስለዚህ ሴንሰሩ ደህና ነው። ቦቢናውን በላፕቶፑ በሙከራ ሳዘው ደግሞ አራቱም ካንዴላ እሳት ይሰጣል። ስለዚህ ቦቢናውም፣ የኮምፒዩተሩ ትእዛዝም ደህና ነው። ቦቢናው ላይ 12 ቮልት አለ፤ ይኸው ጽፌዋለሁ። ግን ላስነሳት ስል እሳት የለም።»

«ብቻህን እየሠራህ እሳት እንደሌለ እንዴት አወቅህ?» አልኩት። ቮልስ ቁልፏ ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ ነውና።

«ስልኬን ከኋላ አስቀምጬ ካንዴላውን ቪዲዮ አነሣዋለሁ» አለኝ። ብልህ ልጅ ነው።

«እሺ፣ ምን ምን ገዛህ?»

አንገቱን ደፋ። ሁለተኛ ቦቢና፣ ሁለተኛ ሴንሰር፣ አዲስ የካንዴላ ሽቦዎች፤ በድምሩ ከ400 ዶላር በላይ አውጥቷል። ኮምፒዩተሩንም ሌላ ሊያዝዝ ገንዘብ ማጠራቀም ጀምሮ ነበር። አንባብያን ሆይ፣ ይህን ስሕተት ሁላችንም ሠርተነዋል። ዕቃ መቀየር ምርመራ አይደለም። አዲስ ዕቃ ገጥመን ችግሩ ካልጠፋ ያወቅነው ነገር ቢኖር ኪሳችን መቅለሉን ብቻ ነው።

«እስቲ አንዴ አስነሳትና ልስማት» አልኩት።

እሱ ከፊት ገብቶ ቁልፉን አዞረ። እኔ ከኋላ ቆሜ አዳመጥኩ። ሞተሪኖው አዞረ፣ አዞረ፣ አዞረ፤ ምንም የለም። ልክ ቁልፉን ሲለቀው ግን ሞተሩ አንዴ «እትሽ!» ብሎ ዝም አለ።

ከበሩ በኩል ድምፅ ሰማሁ። አባት የቡና ስኒውን ይዞ ቆሟል።

«ይኸው ነው!» አለ። «ሦስት ወር ሙሉ ከሳሎን እሰማታለሁ። ሲለቃት ታስነጥሳለች። እሳት የላትም፣ ሞታለች ይለኛል። የሞተ ያስነጥሳል እንዴ?»

«ይህን ለልጅህ ነግረኸዋል?» አልኩት።

«መቼ ጠየቀኝ?» አለ።

ወደ ልጁ ዞርኩ። «አንተስ ሰምተኸዋል?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ። ግን ላፕቶፑ ላይ ምንም አይታይም፤ ስለዚህ ተውኩት» አለ።

እንግዲህ መልሱ ሦስት ወር ሙሉ በአባትና በልጅ መካከል ቆሞ ነበር ማለት ነው። ልጁ ቁጥሩን ይዟል፤ አባት ድምፁን ይዟል። የጎደለው ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር።

ማስነጠሷ ምን ይናገራል?

ቁልፉ ሲለቀቅ ምን እንደሚሆን አስቡት። ሞተሪኖው ያቆማል፤ ሞተሩ ግን ወዲያው አይቆምም፤ በነበረው ጉልበት ትንሽ ይዞራል። በዚያች ቅጽበት ካስነጠሰ እሳት አግኝቷል ማለት ነው። ሞተሪኖው ሲያዞር እሳት የለም፤ ቁልፉ ሲለቀቅ እሳት አለ። እንግዲያው የሚጎድለው ነገር የሚጎድለው ቁልፉ ማስነሻው ላይ ባለበት ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን እስቲ የራሳችሁን መኪና አስቡ። ስታስነሱ ሬዲዮው ለአፍታ ጸጥ ሲል፣ የማሞቂያው ፋን ሲቆም አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ብልሽት አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ሞተሪኖ ብዙ ኮረንቲ ስለሚበላ የቁልፉ ማብሪያ ማጥፊያ ለማስነሳት የማያስፈልጉትን ነገሮች ለጊዜው ያቋርጣቸዋል። ስለዚህ ከቁልፉ ከሚወጡት ሽቦዎች መካከል አንዳንዱ ቁልፉ ሲከፈትም ሲያስነሱም ኮረንቲ አለው፤ አንዳንዱ ደግሞ ሲከፈት አለው፣ ሲያስነሱ ግን ይሞታል። ቆመው ሲለኳቸው ሁለቱም 12 ቮልት ያሳያሉ። መለየት የሚቻለው ሞተሪኖው እያዞረ ሲለኩ ብቻ ነው።

የጀርመን መኪኖች ላይ የሽቦዎቹ መለያ ቁጥር አለው። 30 በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣው ነው። 15 ቁልፉ ሲከፈትም ሲያስነሱም የሚሠራው ነው። 50 ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ነው። 31 ማሳ ነው። ይህን መያዝ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ልጁን «ቴስተሩን ቦቢናው ላይ ያዝ» አልኩት። ወደ አባት ዞሬ «አንተ ደግሞ ግባና ቁልፉን ያዝ» አልኩት።

ትንሽ አመነታ። ከዚያ ስኒውን መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ገባ።

«ክፈት!» አልኩ። ልጁ ቴስተሩን አየና «12.3» አለ።

«አስነሳ!» ሞተሪኖው አዞረ። ልጁ አልተናገረም። «ስንት ይላል?» አልኩት። «ዜሮ» አለ ቀስ ብሎ። «ጋሼ፣ ዜሮ ይላል።»

«ልቀቅ!» አልኩ። ቮልሷ አስነጠሰች፤ ቴስተሩም ወደ 12.3 ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ደገምነው፤ ሦስቱም ጊዜ እንደዚያው ሆነ። ሞተሪኖው እያዞረ ባትሪውን ራሱን ስንለካ ከ10 ቮልት በላይ ነበር፤ ስለዚህ ባትሪው አልደከመም።

ሽቦውን ተከትለን ስንሄድ ነገሩ ተገለጠ። ልጁ የድሮውን የቦቢና ሽቦ፣ ማለትም 15 ቁጥሩን፣ ለኮምፒዩተሩ ሰጥቶታል። ይህ ትክክል ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሲያስነሱም ነቅቶ አርፒኤሙን ያየው ለዚህ ነው። ቦቢናው ኮምፒዩተሩን በኤሌክትሪክ ጩኸት እንዳይረብሸው ብሎ ደግሞ ሌላ መስመር ሲፈልግ ከዳሽቦርዱ ሥር ሬዲዮውን ከሚያበላው ሽቦ ላይ ቀጠለው። ያ ሽቦ ሲያስነሱ የሚሞተው ነው። ቦቢናው ደህና፣ ሴንሰሩ ደህና፣ ኮምፒዩተሩ ደህና፤ ነገር ግን ቦቢናው በሥራው ሰዓት ቀለቡን ተነጥቋል። በላፕቶፑ ሲሞከር እሳት የሰጠውም ያን ጊዜ ቁልፉ የተከፈተ እንጂ የሚያስነሳ ስላልነበረ ነው።

መድኃኒቱ

መድኃኒቱ አንድ ሪሌና አንድ ፊውዝ ነው፤ ከሃያ ዶላር አይበልጥም። የተለመደው ባለ አራት እግር ሪሌ ላይ ቁጥሮቹ ተጽፈዋል። 30 ቁጥሩን በፊውዝ በኩል ከባትሪው፣ 87 ቁጥሩን ወደ ቦቢናው፣ 86 ቁጥሩን ሲከፈትም ሲያስነሱም ከሚሠራው ሽቦ፣ 85 ቁጥሩን ከማሳ ጋር አገናኘን። የቮልስ ባትሪ ከኋላው ወንበር ሥር ስለሆነ ሽቦው አጭር ነው። ፊውዙን በተቻለ መጠን ለባትሪው አቅርቡት፤ በፊውዙና በባትሪው መካከል ያለው ሽቦ ቢላላጥ የሚያድነው የለምና።

ሥራውን የሠራው ልጁ ነው። አባት መብራት ያዘለት። ሲጨርሱ አባት እንደገና ገባና ቁልፉን አዞረ። ቮልሷ ሁለት ዙር ሳትሞላ ተነሣች። ያ የምታውቁት የቮልስ ድምፅ ጋራዡን ሞላው።

ከመደሰታችን በፊት አንድ ሥራ ቀርቶን ነበር። እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር ሲገጠም ስክሪኑ ላይ የሚታየው የእሳት ሰዓትና በሞተሩ ላይ ያለው እውነተኛ ሰዓት አንድ መሆኑን በታይሚንግ ላይት ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ጥቂት ዲግሪ ቢዛነፍ ሞተር ሊጎዳ ይችላል። አየነው፣ አስተካከልነው።

አባት ከመኪናዋ አልወረደም። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊት እያየ «በብርድ ጠዋት እንዲህ ተነሥታ አታውቅም» አለ። ልጁን አላየውም፤ የተናገረው ግን ለሱ ነበር። ልጁም ገብቶታል። «ለሽያጭ» የሚለውን ወረቀት ማን እንዳነሣው አላየሁም። ለምሳ ተጠርተን ስንገባ ግን መስተዋቷ ላይ አልነበረም። እሑድ የመጣው ገዥ ተቆጥቶ እንደ ነበር ሰምቻለሁ፤ ይቅርታ ተጠይቆ፣ ቡና ጠጥቶ ተሸኝቷል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ሞተሪኖው እያዞረ እሳት የሌለው መኪና ሲገጥማችሁ፣ በተለይ የተገጠመ ኮምፒዩተር ያለው ከሆነ፣ በዚህ ተራ ሂዱ።

1ኛ/ መጀመሪያ ለራሳችሁ ተጠንቀቁ። ማርሹ ዜሮ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ የተያዘ ይሁን። የኢንጀክተሮቹን መሰኪያ ንቀሉ፤ ያለዚያ ነዳጁ ሲሊንደሩን ያጥለቀልቃል፣ ቅባቱንም ያጥባል። የካንዴላ ሽቦ በእጅ አይያዝም። ልብስና ፀጉር ከቺንጋው ይራቅ።

2ኛ/ እሳት አለመኖሩን በትክክል አረጋግጡ። ለዚህ የተሠራ የእሳት መሞከሪያ ከማንኛውም የመኪና ዕቃ መደብር በርካሽ ይገኛል። ብረቱ ሞተሩን በደንብ መንካት አለበት።

3ኛ/ ሞተሪኖው እያዞረ ባትሪውን ለኩ። ከ10 ቮልት በታች ብዙ ከወረደ መጀመሪያ ባትሪውን አስተካክሉ፤ አንዳንድ ኮምፒዩተር ቮልት ሲያንሰው ተኝቶ ይነሣል።

4ኛ/ ሞተሪኖው እያዞረ ላፕቶፑ አርፒኤም ያሳያል? ዜሮ ካለ ጥፋቱ ከሴንሰሩ ወገን ነው። ሴንሰሩ ከጥርሶቹ ያለውን ርቀት እዩ፤ ባለ ሁለት ሽቦው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር ገደማ በላይ መራቅ የለበትም። ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠው እንደሆነም ተመልከቱ። ባለ ሦስት ሽቦው ደግሞ የራሱ ኮረንቲ ይፈልጋል። የጥርሱ ብዛት በኮምፒዩተሩ ውስጥ በትክክል መሞላቱንም እዩ።

5ኛ/ አርፒኤም ካለ ወደ ቦቢናው ሂዱ። ኮረንቲውን ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ሳይሆን ሞተሪኖው እያዞረ ለኩ። የዛሬው ታሪካችን ይኸው ነው።

6ኛ/ ኮረንቲ ካለ ትእዛዙ ከኮምፒዩተሩ ይመጣል ወይ? በኤልኢዲ መፈተሻ እዩት። አምፖል ያለው መፈተሻ ብዙ ኮረንቲ ስለሚስብ ስስ በሆነው የትእዛዝ መስመር ላይ አትጠቀሙበት። ቦቢናው ሳይሠራ የሚግል ከሆነ ትእዛዙ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተገላብጦ ተሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ ሳይቃጠል ቶሎ አጥፉት።

7ኛ/ ማሳውን አትርሱ። ቀለም የተቀባ ወይም የዛገ ብረት ማሳ አይሆንም። ከሞተር ወይም ከካምቢዮ ወደ አካሏ የሚሄደው ወፍራም ሽቦ መጥበቁን እዩ።

8ኛ/ ይህ ሁሉ ሳይመረመር ዕቃ አትግዙ።

ለታክሲ ሾፌሮች አንድ ነገር ልጨምር። ካሜራ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ሬዲዮ ስታስገጥሙ ባለሙያው የትኛው ሽቦ ላይ እንደሚቀጥል ጠይቁት። ሲያስነሱ የሚሞተው ላይ ከሆነ ባስነሣችሁ ቁጥር ይጠፋል። ሁልጊዜ ኮረንቲ ያለው ላይ ከሆነ ደግሞ ጠዋት ባትሪያችሁን ሞቶ ታገኙታላችሁ። የሌባ ማንቂያ ወይም በርቀት የሚያስነሳ መሣሪያ ያስገጠማችሁ መኪናችሁ እየዞረ አልነሣ ካለ፣ ሞተሩን ከማስፈታታችሁ በፊት ዳሽቦርዱ ሥር ያለውን ቅጥል አስመርምሩ። ብዙ ጊዜ የላላ ቅጥል ነው።

አሮጌ መኪና ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ ማድረግ የምታስቡም የጭስ ምርመራ ሕጉ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ ሥራ ሳትጀምሩ ጠይቁ። የመኪናው ባለቤት አባታችሁ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ!

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ ሁሉ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ልጁ ሁሉንም ለክቷል፤ የለካው ግን መኪናዋ ቆማ ሳለች ነው። የሚጠፋውን ነገር መፈለግ ያለብን በሚጠፋበት ሰዓት ነው። በሚጠፋበት ሰዓት ለመለካት ደግሞ አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ያስፈልጋል። አባቶቻችን አንድ እጅ አያጨበጭብም ያሉት ቮልስ ሳይመጣ ቢሆንም ለቮልስም ይሠራል። ልጆቻችን እኛ የማናውቀውን ብዙ ነገር ያውቃሉ፤ እኛም በጆሯችን የያዝነው ነገር አለ። ሳሎን ተቀምጦ ከማዳመጥ ሄዶ ቁልፉን መያዝ ይሻላል። ልጆችም ብትሆኑ «አባዬ፣ እስቲ ና ያዝልኝ» ማለት አያሳፍርም።

በሚቀጥለው እትም መኪና ቆሞ ሲሰነብት ባትሪውን ሌሊት ሌሊት የሚበላውን ነገር እንዴት እንደምናገኝ እንጨዋወታለን። እስከዚያው መልካም ጉዞ፣ ቸር ሰንብቱ።